በአማርኛ የሚያዳምጥ አንድ ሰው

በጅቡቲ ለኢትዮጵያ ኤምባሲና ለኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ አመራር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የኤምባሲው ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ የኮሚኒቲው አመራር አባላት፣

የምጽፍላችሁ ስለ ምግብ ነው፤ ስለ ምግብ እጥረት ግን አይደለም። በዚህ ከተማ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ምግቡ ከፊታቸው ቀርቦ መብላት ያቃታቸው አሉ። መብላት ከጀመሩ በኋላ ማቆም የማይችሉ፣ የበሉትንም ጓዳ ገብተው የሚያወጡ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች በአማርኛ የሚያዳምጣቸው፣ ሕመሙንም የሚያውቅ አንድ የሠለጠነ አማካሪ እንዲመደብላቸው ልጠይቃችሁ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ሶማሊኛና ፈረንሳይኛ ስለምችል የአገሬ ሰው ሲታመም ይጠሩኛል፤ አብሬ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄጄ አስተረጉማለሁ። ክፍያ የለውም፤ ቡና ይፈላልኛል። እዚያ ደጋግሜ የምሰማው ስሞታ ጨጓራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ጨጓራ ነው። ነገር ግን የጨጓራ መድኃኒት ወስደው ወስደው ለውጥ ያጡ፣ የወር አበባቸው የቆመ፣ ጥርሳቸው ከውስጥ በኩል የተበላ፣ ከጆሯቸው ሥር ጉንጫቸው ያበጠ ሴቶችም አይቻለሁ። ሐኪሙ ሰልፉ ደጅ እየጠበቀው «ምግብ ትበላለች?» ይላል። «ደህና እበላለሁ» ትላለች። እኔም ያለችውን አደርሳለሁ። ከዚያ ጠለቅ ያለ ጥያቄ በሦስተኛ ሰው አፍ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም እውነተኛ መልስ አይገኝለትም። አስተርጓሚዋ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የምታገኛት ጎረቤቷ ናት፤ እንዴት ብላ ትናገር?

ሕመሞቹ በሕክምናው ዓለም የታወቁ ናቸው። ዓመቶቹን እዚህ በምንጠቀምበት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ላስቀምጥ። ራስን በረሃብ የማክሳቱን ሕመም፣ አኖሬክሲያ ነርቮዛን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ገል ስም አውጥቶ የገለጸው በ1870ዎቹ ነው። በብዛት በልቶ ማስታወኩን፣ ቡሊሚያን፣ ጄራልድ ራስል የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ1979 በጽሑፍ ገለጸው። ሳያስታውኩ ከቁጥጥር ውጭ መብላት ደግሞ ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ የገባው በ2013 ነው። ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ሦስቱንም ይዟል። በ2011 የታተመ 36 ጥናቶችን የደመረ ሥራ እንዳሳየው፣ በአኖሬክሲያ ከሚሞቱ አምስት ሰዎች አንዱ የሚሞተው ራሱን አጥፍቶ ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የመልክና የቁንጅና ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ተረዱልኝ።

ይህን ነገር ለአንድ ኃላፊ አንሥቼ «እኛ እኮ የሚበላ ያጣ ሰው ሞልቶናል» ተብያለሁ። አልፈርድባቸውም። የድርቅ ወሬ እየሰማን ላደግን ሰዎች፣ በየቀኑ በጋላፊና በደወሌ ድንበር በኩል በእግሩ የሚገባውን ወጣት ለምናይ ሰዎች፣ ምግብ አልበላም ማለት ቅንጦት ይመስላል። የፈረንጅ በሽታ ነው የሚሉኝም ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ሁለት ጥናቶች ልጥቀስ።

አንዱ ከፊጂ ደሴቶች ነው። የሃርቫርዷ አን ቤከር ቴሌቪዥን ገና በገባበት በ1995 የአንድ አካባቢ ተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቀች፤ ለመክሳት ብላ የምታስታውክ አንዲት እንኳ አልነበረችም። በ1998 ተመልሳ ስትጠይቅ ከመቶ 11 ያህሉ እናስታውካለን አሉ። ፊጂ ሙላት የሚደነቅባት፣ እንግዳን ብላ ብላ የሚባልባት አገር ናት። እኛም ከዚያ አንርቅም፤ የናፈቅነውን ሰው ስናገኝ «ወፈርሽ፣ ተስማምቶሻል» ማለት ምርቃት ነበር። አሁን በአማርኛ ቲክቶክ ላይ የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ፣ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ሎሚ፣ ሰናማኪ ሳይቀር ሲሸጥ ይውላል። ልጆቻችን ከአክስቶቻቸው አንዱን፣ ከስልኩ ሌላውን እየሰሙ ያድጋሉ።

ሁለተኛው ጥናት ግን ወደ እኛ ይበልጥ ይቀርባልና ትንሽ ልቆይበት። በሰሜን ምሥራቅ ጋና 668 የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ተመዘኑ፤ ውጤቱ በ2004 ታተመ። ክብደታቸው አደገኛ ደረጃ ላይ ከወረደባቸው መካከል በ10 ልጆች ላይ ራሳቸውን ከምግብ ከመከልከላቸው በቀር ሌላ ምክንያት አልተገኘም። ውፍረትን ፈርተው አልነበረም። መጽሔት አይተውም አልነበረም። ጾመው ነው። አለመብላታቸውን የሚያዩት እንደ ራስን መግዛት፣ እንደ መንፈሳዊ ብርታት ነበር። ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ጋና አልነበረም።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል እንዲጾም ታዝዛለች፤ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 ይደርሳል። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ጾምን ልነቅፍ አልተነሣሁም። የምለው፣ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከጥሉላት ርቆ፣ ቁርስ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት በሚከበርበት ቤት ውስጥ ሕመምተኛዋ በቀላሉ ትሰወራለች ነው። ፍልሰታ ያልቃል፤ እሷ አትጨርስም። ጾሙ ሲፈታ ዶሮው ይቀርባል፤ «ሆዴ አልተስማማውም» ትላለች። የቤቱ ሰው መጀመሪያ ያደንቃታል፣ ቀጥሎ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፣ ቀጥሎ ጠበል ይወስዳታል። በሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቤትም ረመዳን ሲመጣ ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ቀኑን በሙሉ ከምግብ ርቆ ማታ ላይ ያለ ልክ መብላት ቡሊሚያ ላለበት ሰው ሕመሙን የሚያባብስ ሥርዓት ነው፤ ከፉጡር ማዕድ ተነሥቶ ወደ ጓዳ የሚሄደውን ግን ማንም አይከተለውም። ሁለቱም ሃይማኖቶች የታመመን ሰው ከጾም ያሳርፋሉ። የንስሐ አባት ማሰናበት ይችላል፤ በእስልምናም ሕመምተኛው አፍርሶ ሲድን ያካክሳል። የጎደለው ሕመም መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ አማካሪው ከሥራዎቹ አንዱ ከንስሐ አባቶችና ከኢማሞች ጋር ተቀምጦ ምልክቶቹን ማስረዳት ይሁን። የኛ ሰው ምስጢሩን የሚያወጣው ቀድሞ እነርሱ ዘንድ ነውና።

ጅቡቲ የራሷን መሸሸጊያ ጨምራበታለች። ጫቱ ከአገራችን እኩለ ቀን ገደማ ይገባል፤ ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ይቀመጣል። ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ የማያውቅ የለም። ቃሚ ራቱን ሳይበላ ቢያድር ምርቃና ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ራትን ለመዝለል ብሎ የሚቅመውን ከሌላው የሚለይ ዓይን የለንም። ከዚያ ሙቀቱ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ጥላ ሥር 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ፣ የሚያስታውክ ወይም በመድኃኒት ሆዱን የሚያስቀምጥ ሰው ላብ ጨምሮበት ውሃና ፖታሲየም ያጣል። ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል፤ ሰው ድንገት ሊሞትበት ይችላል። «ሙቀቱ ጣላት» ተብሎ ይቀራል።

ስለ ማዕዳችንም አንድ ነገር ልበል። ከአንድ ትሪ መብላታችን የሚያኮራን ነው፤ ማን ስንት እንደጎረሰ ግን አያሳይም። እጇን ወደ ትሪው የምትልክ፣ የምትቆርስ፣ ለሌላው የምታጎርስ፣ ራሷ ግን ሁለት ጉርሻ ብቻ የዋጠች ሴት በጨዋታው መካከል ማንም አይነቃባትም። የነቃ ሰው ደግሞ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ብሎ በግድ ያጎርሳታል። ፍቅር ነው፤ ለእሷ ግን ያን ጊዜ ጉርሻው ፍርሃት ነው፤ ከማዕዱ ጨርሶ ትሸሻለች። ቤተሰብ ምን ቢያደርግ እንደሚሻል የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። ይህ በሌላ አገር በሚገባ የተሠራበት ነገር ነው። ለንደን በሚገኘው ሞድስሊ ሆስፒታል ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተፈተነው ሕክምና ወላጆችን ከልጃቸው ጋር ማዕድ ላይ ያስቀምጣል፤ ልጅቷ እስክትበረታ ምን ትብላ፣ ምን ያህል ትብላ የሚለውን ውሳኔ ለእነርሱ ይሰጣል፣ ያለ ቁጣና ያለ ልመና። ማዕድ ላላቸው ቤተሰቦቻችን ከዚህ የቀረበ ሕክምና አላውቅም።

ግን በሃራሙስና በሄሮን ሰፈሮች በሰው ቤት ውስጥ የሚሠሩት ሴት ልጆቻችንስ? እነርሱ ማዕድም የላቸውም። ቀን ሙሉ ለሰው ምግብ ያበስላሉ፤ የሚበሉት ቤቱ ከተኛ በኋላ፣ ብቻቸውን፣ ቆመው ነው። ደመወዙ ወደ አገር ይላካል፤ ናፍቆቱና ድካሙ ይቀራል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ አጠገባቸው ነው። ሌሊት እስኪያማቸው በልተው ጠዋት የሚያፍሩ፣ እመቤቲቱ ምግብ ጎደለ ትላለች ብለው የሚሳቀቁ አሉ። ተቃራኒውም አለ፤ በሕይወታቸው ምንም ነገር በእጃቸው ሳይሆን ሲቀር የሚያዙበት አንድ ነገር ቢኖር አፋቸው ነው፣ እሱን ይዘጉታል። ስለ ምግብ ችግር በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ ስለ ቀጫጭን ተማሪዎች ያስባል። እኔ ቅድሚያ ስጡ ብባል ለእነዚህ ሠራተኞች እሰጣለሁ። እናት ወይም እህት አጠገባቸው የለም፤ መክሳታቸውንም መወፈራቸውንም የሚያይላቸው የለም።

በኦቦክ በኩል የመን ደርሰው የተመለሱትም አሉ። አጋቾች ገንዘብ እስኪላክ ድረስ በረሃብ የቀጧቸው ወጣቶች ተመልሰው ሲመጡ እንጀራ ትራስ ሥር ሲደብቁ፣ ጠግበውም ማቆም ሲያቅታቸው ሰው ይስቅባቸዋል ወይም ይቆጣቸዋል። በ1944 እና 45 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ወንዶችን፣ ፈቃደኞች ናቸው፣ ለስድስት ወር ግማሽ ሆድ አበላቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ሌት ተቀን የሚያወሩት ስለ ምግብ ሆነ፤ የወጥ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ የጀመሩ ነበሩ፤ እንደ ልብ እንዲበሉ ሲፈቀድላቸውም ብዙዎቹ ለወራት መጥገብ አቃታቸው። ረሃብ ራሱ ጤነኛን ሰው እንዲህ ያደርጋል። ይህን አንድ ነገር ብቻ የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ፣ «ባለጌ ሆነህ አይደለም፣ ተርበህ ስለነበር ነው» የሚላቸው ቢገኝ፣ ከግማሽ በላይ የሆነው እፍረት ይወርድላቸዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን አማካሪ ምን ይሠራል የሚለውን ላንሣ። ጊዜ ማሳለፊያ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የኦክስፎርዱ ክሪስቶፈር ፌርበርን ባዘጋጀው ሕክምና፣ ክብደቱ እጅግ ላልወረደ ሰው በ20 ሳምንት 20 ቀጠሮ ይያዛል። የመጀመሪያው ሥራ ተራ ነገር ነው፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት፣ በመካከላቸው መክሰስ፣ አራት ሰዓት ያህል ሳያልፍ መብላት። ቀኑን የጾመ አካል ማታ ያምፃልና። ሰውየው የበላውን፣ የበላበትን ቦታና ያን ጊዜ የተሰማውን ይጽፋል፤ አብረው ያዩታል። ማታ ላይ ከመብላቱ በፊት ምን መጣ? ከአገር ስልክ ተደውሎ ነበር? ደመወዝ ቀርቶ ነበር? አማካሪው «ብላ እንጂ» ብሎ አይቆጣም፤ ስለ ክብደቱም አይፈርድም። በ2017 የወጣው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ደግሞ ለቡሊሚያና ያለ ልክ ለመብላት ሕመም መጀመሪያ የሚያዝዘው ከዚህም ያነሰ ነው፤ የራስ መርጃ መጽሐፍ፣ ከእርሱ ጋር ከ4 እስከ 9 የሚደርሱ፣ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሚወስዱ ቀጠሮዎች። ሃያ ደቂቃ! በፓስፖርት ሰልፍ ከምንቆመው ያንሳል።

ሠራተኛውን ከየት እናምጣ ትሉኛላችሁ። ከአፍሪካ አንድ ምሳሌ አለ። የዚምባብዌው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 በሐራሬ 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ የከፋው ሰው መጥቶ ያዋያቸዋል። በ2016 ውጤቱ ሲታተም በ24 ጤና ጣቢያዎች የነበሩ 573 ሰዎች በጥናቱ ተካተው ነበር፤ አያቶቹ ያነጋገሯቸው ከሌሎቹ ይልቅ ጉልህ መሻሻል አሳዩ። እርግጥ ያ ለጭንቀትና ለድብርት እንጂ ለምግብ ሕመም የተሠራ አይደለም፤ የምግብ ሕመም የራሱ ዕውቀትና የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። ሰው በቋንቋው፣ በሚያከብረው ሰው ፊት ሲናገር ግን ለውጥ እንደሚመጣ አሳይቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ከጀመረ 2003ን ቆጥረን ከሃያ ዓመት አልፏል፤ ሳይኮሎጂስቶችም በየዓመቱ ይመረቃሉ። አንዱ እዚህ መጥቶ ቢቀመጥ፣ አንድ የበላይ ባለሙያ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስልክ እየተከታተለ ቢያርመው ይበቃል። እኛ በኢሞ ሠርግና ለቅሶ የምንካፈል ሰዎች ነን።

ቦታውን በተመለከተ አጥብቄ የምጠይቃችሁ አለ። ኤምባሲው ግቢ ውስጥ አይሁን። በዚህ ከተማ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ወገናችን ብዙ ነው፤ ስሙን ወደሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ስለ ሆዱ ሊያወራ አይመጣም። ወረቀት አይጠየቅ፤ የአሠሪ ስም አይጠየቅ፤ የመጣ ሰው ስም በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ ለእናንተም ቢሆን አይላክ። አማካሪው የኮሚኒቲው ኮሚቴ አባል አይሁን፤ በስብሰባ የሚተያዩ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር አይነጋገሩም። የሚቻል ከሆነ ሴት ትሁን፤ ለወንዶቹ የሚሆን ሌላ መንገድ እንፈልጋለን፣ እነርሱም ይታመማሉና። ክፍሉ ዓርብ ከሰዓት ይከፈት፤ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ካገኙ የሚያገኙት ያን ቀን ነው። ከባልባላም ከአምቡሊም በሚኒባስ የሚደረስበት ይሁን።

አማካሪዋ ብቻዋን አትተው። ከአንድ ጤና ጣቢያ ጋር ስምምነት ይኑራት፤ ክብደት የሚለካ፣ የልብ ምትና ደም ግፊት የሚያይ፣ ፖታሲየም የሚያስመረምር ነርስ ያስፈልጋል። ራሷን የምትስት፣ ደረቷን የሚያማት፣ ለቀናት ምንም ያልቀመሰች ሴት ከአማካሪ በፊት ሐኪም ማየት አለባት። እንዲህ ለተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ መስጠት ራሱ ሊገድል እንደሚችልም መታወቅ አለበት፤ በእኛ ቤት የመጀመሪያው ደግነት ትልቅ ሰሃን ነውና ይህን የምለው በምክንያት ነው።

ለትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። ግንዛቤ እንፍጠር ተብሎ ልጆች በጓደኞቻቸው ፊት እንዳይመዘኑ፣ ሕመምተኞች የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎችም አንድ በአንድ እንዳይዘረዘሩላቸው አደራ። ያላሰበችውን ልጅ ማስተማር ይሆናል። ለመምህራኑ ምልክቱንና የአማካሪዋን ስልክ መስጠት ከጉባኤ ይሻላል።

ብዙ በጀት አልጠየቅሁም፤ አንድ ደመወዝ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ የስልክ መስመር ነው። ወጪውን ኤምባሲውና ኮሚኒቲው እንዴት እንደምትካፈሉት እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኛም በየዕድራችን የምንችለውን ለማዋጣት ዝግጁዎች ነን። መልሳችሁን ከመጪው ሙቀት በፊት ብንሰማ ደስ ይለናል። ከፈቀዳችሁም ማስታወቂያው አጭር ይሁን፤ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመስጊዱና የአገር ቤት ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች በር ላይ ይለጠፍ። «በሽታ» ወይም «አእምሮ» የሚል ቃል አይኑርበት፤ ቆሞ ሲያነበው የታየ ሰው እንዳይሸማቀቅ። «ስለ አመጋገብ በአማርኛ ለመነጋገር፣ ዓርብ ከሰዓት» የሚልና የስልክ ቁጥሩ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
በጅቡቲ ከተማ ነዋሪ የሆነች አስተርጓሚ